ሽፋሽፍት አስቀጥለሽ ፊትሽን መታጠብ ከፈራሽ

የአክስቴ ልጅ ባለፈው ጥር ደብረ ማርቆስ ላይ ሚዜ ነበረች። ሠርጉ እሁድ፣ ሽፋሽፍቷን ያስቀጠለችው ሐሙስ። አምሮባት ነበር፤ ምን ይዋሻል። ሰሪዋ ስትሸኛት የነገረቻት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ውሃ እንዳይነካው።» እስከ መቼ? አልነገረቻትም። እሷም አልጠየቀችም።

በሦስተኛው ሳምንት ባህር ዳር እኛ ቤት መጣች። የዓይኗ ቆብ ጠርዙ ቀልቷል። በሽፋሽፍቱ ሥር ፎረፎር የመሰለ ነጭ ነገር ተጋግሯል። እናቴ ቡና እየቆላች ቀና ብላ አየቻትና «እታለም፣ ዓይንሽን ምን ነካው? አልቅሰሽ ነው?» አለቻት። አላለቀሰችም። ሦስት ሳምንት ሙሉ ዓይኗን አልታጠበችም፤ ይኸው ነው። ፊቷን ስትታጠብ ከጉንጯ ጀምራ ወደ ታች ነበር። ግንባሯን ደግሞ በእርጥብ ጨርቅ ጠረግ ጠረግ።

እሷን ብቻ መውቀስ አይቻልም። እኔም መጀመሪያ ሳሠራ የተሰጠኝ ምክር ያው ነበር። ምክሩ ደግሞ ግማሹ እውነት ነው። ለመጀመሪያው አንድ ቀን በደንብ ይሠራል። ከዚያ በኋላ ግን ዓይንን ያሳምማል፣ ሽፋሽፍቱንም ቶሎ ያረግፋል። ለምን እንደሆነ የሚገባሽ ሁለት ነገር ካወቅሽ ነው። አንዱ ማጣበቂያው እንዴት እንደሚደርቅ፣ ሌላው የራስሽ ፀጉር እንዴት እንደሚያድግ።

ዓይንሽ ላይ ያለው ምንድን ነው?

ገበያ ላይ ሦስት ዓይነት አለ። ስትሪፕ የሚባለው ለግብዣ ለጥፈሽ ስትተኚ የምታነሺው ነው። ክላስተር የሚባለው ጥቂት ፀጉሮች በአንድ ታስረው የሚለጠፉት። እኔ የማወራው ስለ ሦስተኛው ነው፤ በጀርባሽ ተኝተሽ፣ ዓይንሽን ጨፍነሽ፣ ሰዓት ተኩልም ሁለት ሰዓትም የሚፈጀው። «አይላሽ ላሠራ ነው» ስንል ብዙ ጊዜ እሱን ማለታችን ነው።

በላይኛው ቆብ ላይ ከ90 እስከ 150 የሚደርሱ የራስሽ ፀጉሮች አሉ። ሰሪዋ በወረንጦ አንዷን ለይታ ትይዛለች። ሰው ሠራሿን ፀጉር ማጣበቂያ ታስነካና በላይዋ ታስቀምጣለች። አንድ ባንድ። የሚለጠፈው ፀጉሩ ላይ እንጂ ቆዳው ላይ አይደለም፤ ከቆዳው ከግማሽ እስከ አንድ ሚሊ ሜትር ይርቃል። ያቺ ክፍተት ትንሽ ትመስላለች። ማጣበቂያው ቆዳ ሲነካ ግን ማሳከክና ማበጥ ይከተላል፤ ስለዚህ በመስታወት ስታዪው ሥሩ ላይ ጥቁር ጉብታ ቆዳሽን ከነካ ሥራው ጥሩ አይደለም።

የሚቀጠለው ፀጉር ፕላስቲክ ነው፤ ከፖሊስተር ወገን። «ሚንክ ነው»፣ «ሲልክ ነው» እያሉ ዋጋ ሲጨምሩብሽ ብዙ አትደነቂ። በአብዛኛው ስሙ ብቻ ነው፤ እንስሳም ሐርም የለበትም።

ማጣበቂያው ሳይኖአክሪሌት ይባላል። ሱፐር ግሉ ታውቂያለሽ አይደል? ዘመዱ ነው። ሃሪ ኩቨር የተባለ አሜሪካዊ ኬሚስት በ1942 እ.ኤ.አ. ለጦር መሣሪያ ማነጣጠሪያ የሚሆን ጥርት ያለ ፕላስቲክ ሲፈልግ አገኘው። የነካውን ሁሉ እያጣበቀ ስላስቸገረው ተወው። ገበያ የወጣው በ1958 እ.ኤ.አ. ነው። ዘመድ ነው ማለት ግን ያው ነው ማለት አይደለም። ለጫማ የተገዛ ሱፐር ግሉ ዓይን አጠገብ አይደርስም። ይሄን መጻፍ የሚያስፈልግ አይመስልሽም ይሆናል፤ ያስፈልጋል።

የሚደርቀው በእርጥበት ነው

ጭቃ ሲደርቅ ውሃው ተንኖ ነው። የግድግዳ ቀለምም እንደዚያው። ይሄ ማጣበቂያ ግን የተገላቢጦሽ ነው። አየር ውስጥ ያለውን እርጥበት ሲያገኝ ነው ቅንጣቶቹ ሰንሰለት ሠርተው የሚጠነክሩት። እርጥበት ካጣ ዝም ብሎ እንደራሰ ይቆያል።

ስለዚህ ያው ማጣበቂያ በነሐሴና በየካቲት አንድ ዓይነት ጠባይ የለውም። ነሐሴ ላይ ባህር ዳር አየሩ ራሱ እርጥብ ነው፤ ማጣበቂያው ሰሪዋ እጅ ላይ ሳለ መድረቅ ይጀምራል። በበጋው ደረቅ አየር ደግሞ ይዘገያል፤ የዘገየ ማጣበቂያ ጎረቤት ፀጉሮችን እርስ በርስ ያጣብቃል። ጠንቃቃ ሰሪ ክፍሏ ውስጥ ትንሽ የእርጥበት መለኪያ ታስቀምጣለች። ካየሽ ልብሽ ይረፍ።

ማጣበቂያው በጥቂት ሴኮንድ ይይዛል፤ ውስጥ ድረስ ጠንክሮ የሚጨርሰው ግን በ24 ሰዓት ገደማ ነው። በዚያ መሃል ብዙ ውሃ በአንዴ ካገኘ ውጪው ተቻኩሎ ይደርቃል። ነጭ ይሆናል፤ ይሰባበራል። የመጀመሪያው ቀን ክልከላ ምክንያቱ ይሄው ነው። ሻወር ስትወስጂ ፊትሽን አርቂ። ሳውና አትግቢ። የተከደነ ድስት ከፍተሽ አትጎንበሺበት።

ከ24 ሰዓት በኋላ ሥራው አልቋል። የደረቀ ማጣበቂያን ተራ ውሃ ምንም አያደርገውም። 48 ሰዓት ጠብቂ የሚሉም አሉ፤ ብትጨምሪ አይጎዳሽም። ሦስት ሳምንት የሚል ግን የትም የለም።

ቀን ስትቆጥሪ በዓሉንም አብረሽ ቁጠሪ። ጥር 11 ቀን ባሕረ ጥምቀቱ ዳር ቆመሽ ውሃው ይረጭብሻል፤ «እኔን ዝለሉኝ፣ አይላሽ አሠርቻለሁ» የሚባል ነገር የለም። ጥር 10 ማታ ከምታሠሪ ጥር 8 ወይም 9 ይሁን። ጠበል ለመጠመቅ ያሰበችም እንዲሁ ከቀኑ ቀደም ትበል። ለሠርግ ከሆነ ከሁለት ከሦስት ቀን በፊት ጥሩ ነው። ሙሽራዋ ቤተሰቧን ስትሰናበት ታለቅሳለች፤ ያ የታወቀ ነው። ሁለት ቀን ያለፈው ማጣበቂያ እንባ አይፈራም። የሚጎዳው እንባውን በነጠላ ጫፍ ጥርግ ማድረጉ ነው። የነጠላው ክር ፀጉሩ ላይ ይጠመጠምና ሲወጣ ይዞ ይወጣል። እንባውን ከጉንጭ ላይ፣ በስስ ወረቀት፣ መታ መታ አድርጎ ማንሳት።

ቅቤና ምጣድ

ውሃውን ከሚፈሩ ነገሮች ዝርዝር ካወጣነው፣ በቦታው የሚገባው ቅባት ነው። ቅባት ፀጉሩና ማጣበቂያው መሃል እየሰረገ መያዣውን ያላላል። ሳሎን ውስጥ «ቅባት ያለው ሜካፕ ማስለቀቂያ አትጠቀሚ» ይሉሻል። ልክ ናቸው። እኛ አገር ግን ዋናው ቅባት ከሜካፕ ማስለቀቂያ አይመጣም። ከጭንቅላታችን ነው የሚመጣው።

ለጋ ቅቤ ተቀብተሽ ፀሐይ ላይ ተቀምጠሽ ታውቂያለሽ። መጀመሪያ አናትሽን ቀዝቀዝ ያደርግሻል። ከዚያ ይቀልጥና በግንባርሽ ይወርዳል፤ ቅንድብሽ ጋ ትንሽ ያርፍና ወደ ዓይንሽ ይቀጥላል። ትናንት የከፈልሽበት ሽፋሽፍት ከዚያ በታች ነው። ቅቤ ተዪ አልልሽም፤ እናቴም ብትሰማ አታኖረኝም። ግን ቅደም ተከተሉን ቀይሪው። መጀመሪያ ቅቤው፣ ቀጥሎ መታጠቡ፣ ከዚያ ሽፋሽፍቱ። ከተቀጠለ በኋላ መቀባት ካለብሽም መጠኑን አሳንሺ፣ ሻሽሽን ግንባርሽ ላይ ዝቅ አድርገሽ እሰሪ፣ ሲወርድ ሳይደርስ ጥረጊው። ለፊት ቫዝሊን የምትቀቢ ከሆነም ከቆቡ ራቅ።

ጉሎ ዘይትም አለ። ሽፋሽፍት ያሳድጋል ተብሎ ማታ ማታ የሚቀባው። ስለማሳደጉ የሚያሳምን ማስረጃ አላየሁም፤ የተቀጠለውን ግን ሲያረግፍ አይቻለሁ።

አንድ ቅባት ብቻ ከዚህ ሕግ ውጪ ነው። ሐኪም ለዓይንሽ ቴትራሳይክሊን ወይም ሌላ የዓይን ቅባት ካዘዘልሽ ሽፋሽፍቱን ረስተሽ ቅባቱን ተቀቢ። ይርገፍ።

ቀጥሎ ሙቀት። ፕላስቲክ ነው ብያለሁ፤ ፕላስቲክ ሲግል ቅርፁን ይለቃል። ጎንበስ ብለሽ አክንባሎውን ስታነሺ የሚወጣው እንፋሎት መጀመሪያ የሚያገኘው ፊትሽን ነው። አንድ ቀን አያበላሽም። በየሳምንቱ ሁለት ጊዜ የምትጋግር ሴት ግን መጠቅለሉ እየላላ፣ ጫፉ እየተጣመመ ሲሄድ ታያለች። ራስሽን ወደ ኋላ መለስ አድርገሽ፣ አክንባሎውን ወደ ራስሽ ሳይሆን በወዲያ በኩል ክፈቺ። በእንጨት የምትጋግሪ ከሆነ ደግሞ የባህር ዛፍ ቅጠል ስትጨምሪ እሳቱ ቦግ እንደሚል ታውቂያለሽ። በዚያች ቅጽበት ፊትሽ ምጣዱ ሥር ከሆነ ሽፋሽፍትሽ ጫፉ ይኮማተርና እንደ ተቃጠለ ላስቲክ ይጠጥራል። ያ አይስተካከልም፤ ማስለቀቅ ብቻ ነው። የከሰል እሳት ጎንበስ ብለሽ እፍ ከማለት ማራገቢያ አንሺ። ፍሙ ብቻ ሳይሆን የሚነሳው አመድም በሽፋሽፍቱ ሥር ይቀመጣል።

ስለ እንቅልፍ ብዙ የሚባል የለም። በደረትሽ አትተኚ፤ ፊትሽን ትራስ ውስጥ አትቅበሪ። በአንድ ጎን ብቻ የምትተኛ ሴት የዚያ ጎኗ ሽፋሽፍት ቀድሞ ያልቃል።

አያቴና ወረንጦዋ

ስለ መታጠብ ከማውራቴ በፊት ስለ አያቴ ልንገርሽ። የቢቸና አካባቢ ሰው ነበረች። ከማተቧ ጋር በክር የታሰረች ትንሽ ወረንጦ ነበረቻት። ልጅ ሆኜ ለእሾህ ማውጫ ትመስለኝ ነበር። ለእሾህም ትሆናለች። ብዙ ጊዜ ግን በር ላይ፣ ብርሃን ወዳለበት ዞራ፣ ሽፋሽፍቷን ትነቅልበት ነበር። ወደ ውስጥ ተቀልብሶ ዓይኗን ይወጋት ስለነበር።

ትራኮማ ነው። ክላሚዲያ ትራኮማቲስ የሚባል ባክቴሪያ ያመጣዋል። ከዓይን በሚወጣ ፈሳሽ፣ በእጅ፣ በጋራ ፎጣና በዝንብ ይተላለፋል። በልጅነት ደጋግሞ ሲይዝ የቆቡን ውስጠኛ ክፍል ያጠባስላል። ጠባሳው ሲሸበሸብ ቆቡ ወደ ውስጥ ይዞራል፤ ሽፋሽፍቱ ብሌኑን እየፋቀ ያሳውራል። ልጆችን የሚንከባከቡት ሴቶች ስለሆኑ በሽታውም ከወንድ ይልቅ በሴት ይበረታል። የአማራ ክልል በዓለም ላይ ትራኮማ ከጠናባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። መከላከያው ብዙ ቢሆንም አንዱ በጣም ቀላል ነው፤ ፊትን መታጠብ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት ሲሉት የኖሩት እሱን ነው።

ሽፋሽፍት ማስቀጠል ትራኮማ አያመጣም። በደንብ ልበለው፤ አያመጣም። የሚያናድደኝ ሌላ ነው። «ፊታችሁን ታጠቡ» እየተባለ ባደግንበት አገር፣ ለጌጥ ብለን ሦስት ሳምንት ዓይናችንን ሳንታጠብ መክረማችን። አያቴ ሽፋሽፍቷን እየነቀለች ኖረች፤ እኛ ከፍለን እናስጨምራለን። ይሁን፣ ዘመን ነው። ግን መታጠቡን አብረን አንጣለው።

ከዚሁ ጋር፣ ሽፋሽፍቷ ወደ ውስጥ የሚገባባት ወይም ዓይኗ ቶሎ ቶሎ የሚመግል ሴት ቀድማ መሄድ ያለባት ሐኪም ጋ ነው። ሳሎን ከዚያ በኋላ።

አሁን ወደ ቆቡ ጠርዝ ቀረብ ብለሽ እይ። ሽፋሽፍቱ ከበቀለበት ኋላ ተደርድረው ቅባት የሚያመነጩ ጥቃቅን ዕጢዎች አሉ። ቅባታቸው እንባሽ ቶሎ እንዳይተን ይሸፍነዋል። በዚያ ላይ የሞተ ቆዳ አለ፤ አቧራ አለ፤ ሜካፕ አለ። ሽፋሽፍትሽ የራስሽ ብቻ በነበረ ጊዜ ዓይንሽን ስትታጠቢ ይሄ ሁሉ አብሮ ይሄድ ነበር። አሁን ግን ጥቅጥቅ ያለ ደን ተተክሎበታል። ካልታጠበ ይከማቻል፤ ባክቴሪያ ይራባበታል፤ ዕጢዎቹ ይደፈናሉ። ቆቡ ይቀላል፣ ያሳክካል፣ ጠዋት ይጣበቃል፣ ብጉንጅ ያወጣል። ሐኪሞች የዓይን ቆብ ብግነት ይሉታል። የአክስቴን ልጅ የያዛት እሱ ነበር። ማጣበቂያውም ቢሆን በዚያ ቅባት ውስጥ ሲነከር ይላላል። ስለዚህ ሽፋሽፍቱ እንዳይረግፍ ብላ ያልታጠበችው፣ ባለመታጠቧ አረገፈችው።

የአቧራን ነገር ካነሳን፣ አንድ የምወደው ጥናት አለ። በአሜሪካ የጆርጂያ ቴክ ተመራማሪዎች በ2015 እ.ኤ.አ. የ22 አጥቢ እንስሳትን ሽፋሽፍት ለክተው የብዙዎቹ ርዝመት የዓይናቸውን ስፋት አንድ ሦስተኛ ያህል መሆኑን አገኙ። በዚያ ልክ ሲሆን ንፋስና አቧራ ከዓይን ይመለሳል። ከዚያ ሲረዝም ግን ሽፋሽፍቱ ራሱ ንፋሱን ወደ ዓይን ይመራዋል። በባጃጅ በበጋ የምትሄድ ሴት ይሄን ልብ ትበል። በጣም ረጅም አስቀጥለሽ ዓይኔ ደረቀ፣ አቧራ ገባብኝ ካልሽ ምክንያቱ ይሄ ሊሆን ይችላል።

እንዴት ነው የምትታጠቢው?

ማታ ይሁን፤ የቀኑ አቧራ ትራስ ላይ አብሮሽ እንዳይተኛ። በየቀኑ ቢሆን ጥሩ፣ ካልሆነ በሁለት ቀን አንዴ።

መጀመሪያ እጅሽን በሳሙና ታጠቢ። ለሽፋሽፍት ተብሎ የተሠራ፣ ቅባት የሌለው አረፋ ካገኘሽ እሱን ያዢ። ካላገኘሽ አንድ ጠብታ የልጆች ሻምፖ፣ ሽታው ያልበዛውን፣ ፈልቶ በቀዘቀዘ ግማሽ ሲኒ ውሃ በጥብጪ። ዓይንሽን ጨፍኚ። በጣትሽ ጫፍ ወይም ለስላሳ በሆነች ትንሽ ብሩሽ ከሥሩ ወደ ጫፉ፣ ከላይ ወደ ታች ቀስ ብለሽ እሺው። ሥሩ ላይ ቆዪ፤ ቆሻሻው ያለው እዚያ ነው። ወደ ጎን አትፈትጊ። ከዚያ ቀና ብለሽ ንጹህ ውሃ በኩባያ አፍስሺበት፣ አረፋው እስኪወጣ ድረስ። ሻምፖው ከቀረበት ራሱ ያሳክካል።

ስታደርቂ በጥጥ አይደለም፤ ጥጥ እንደ ነጠላው ክር ይጠመጠማል። ንጹህ የራስሽ ፎጣ ከታች አስጠግተሽ ውሃውን ተቀበዪ። ሲደርቅ የማስካራ ብሩሽ በምትመስለው ንጹህ ብሩሽ አበጥሪው። እርጥብ እያለ አይበጠርም። ብሩሿን በየጊዜው እጠቢ፤ ለእህትሽም አታውሺ።

ማስካራ ብዙም አያስፈልግሽም፤ ውሃ የማያስለቅቀው ዓይነት ግን በጭራሽ፣ ምክንያቱም እሱን ለማንሳት ዘይት ያስፈልጋል። ኩልም እንዲሁ ይቆይ። ዱቄቱ በሥሩ ገብቶ አይወጣም። መኳያውንም ስንት ሰው ተኩሎበት እንደሆነ ማን ያውቃል። በብዙ አገር በተመረመረ ኩል ውስጥ እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት ስለተገኘ፣ ሽፋሽፍት ባታስቀጥዪም አሳቢበት።

የረገፈው ሁሉ የሰሪዋ ጥፋት አይደለም

«በሁለት ሳምንት አለቀብኝ፣ በላችኝ» የሚል ስሞታ ብዙ ጊዜ እሰማለሁ። አንዳንዱ እውነት ነው። ብዙው ግን ተፈጥሮ ነው።

እያንዳንዷ ሽፋሽፍት የራሷ ዕድሜ አላት። ጥቂት ሳምንታት ታድጋለች፣ ታቆማለች፣ ትንሽ ወራት አርፋ ትወድቃለች፤ በቦታዋ ሌላ ትበቅላለች። ከአንድ ዓይን በቀን ከአንድ እስከ አምስት ይረግፋል። ሳታስቀጥዪም ይረግፍ ነበር፤ ቀጭን ስለሆነ አላየሽውም። በቀን ሁለት ብቻ ይርገፍ እንበል። በሁለት ሳምንት 28 ነው። 120 ከነበረሽ ሩቡ ሄደ ማለት ነው። ሁለትና ሦስት ሳምንት ሲሞላ ሪፊል፣ የረገፈውን በአዲስ መተካት ማለት ነው፣ የሚባለው ለዚህ ነው።

ያልረገፈውም ቦታውን ይለቃል። የራስሽ ፀጉር በቀን 0.12 ሚሊ ሜትር ገደማ ያድጋል፤ በሦስት ሳምንት 2.5 ሚሊ ሜትር መሆኑ ነው። የተቀጠለው ከሥር እየራቀ ሲሄድ ክብደቱ ወደ ጫፍ ይሄድና ይጠማዘዛል። ወደ ጎን የሚያይ ሽፋሽፍት ካየሽ አትጎትቺው። ጊዜው ደርሶ ነው።

ማን እንዳጠፋ ለማወቅ የወደቀውን አንስተሽ እይው። ከሥሩ የራስሽ ቀጭን ፀጉር ከተጣበቀበት ጤና ነው፤ ጊዜው ደርሶ ወደቀ። ፕላስቲኩ ብቻውን ከሆነ ማጣበቂያው ለቋል፤ ወይ ቅቤው ነው፣ ወይ ሥራው። ሁለት ሦስት የራስሽ ፀጉር በአንድ ጉብታ ተጣብቆ ከወደቀ፣ ሲወድቅም ካመመሽ፣ ያ የሰሪዋ ነው። አንዷ እያደገች ሌላዋ ቆማ ሲጣበቁ ይጓተታሉ፤ ከሥር ይነቃቀላሉ። ይሄ ለዓመታት ከተደጋገመ ሥሩ ደክሞ ፀጉር ማብቀል ሊያቆም ይችላል።

ክብደትም እንደዚያው ነው። ውፍረት ምረጪ ሲሉሽ 0.10 እና 0.20 ሚሊ ሜትር እጥፍ ብቻ ይመስላል። ሒሳቡ ግን እንደዚያ አይደለም። ውፍረቱ እጥፍ ሲሆን፣ ርዝመቱ እኩል ከሆነ፣ ክብደቱ አራት እጥፍ ነው። የራስሽ ሽፋሽፍት ቀጭን ከሆነ በሬ የሚጎትተውን ሞፈር ለጥጃ አትጫኚ።

ሲያቃጥልና ሲያብጥ

ሁለት የተለያየ ነገር አለ። አንዱ እዚያው አልጋ ላይ እያለሽ የሚያቃጥል ነው። የማጣበቂያው ትነት ዓይን ውስጥ ሲገባ ነው የሚመጣው፤ ብዙ ጊዜ ዓይንሽን ሳታውቂ ገልጠሽ ነው። በሰዓታት ይሻላል።

ሌላው አለርጂ ነው። እሱ ዘግይቶ ይመጣል፤ በማግስቱ ወይም በሁለተኛው ቀን። ሁለቱም ቆብ ያብጣል፣ ያሳክካል። መጥፎ ጠባዩ ሰውነት አንዴ ከጠላው በየጊዜው እየባሰ መሄዱ ነው። «አምስት ጊዜ አሠርቻለሁ፣ ምንም ሆኜ አላውቅም» ማለት ዋስትና አይደለም፤ በስድስተኛውም ሊጀምር ይችላል። ከቀጠሮው ከሁለት ቀን በፊት ጥቂት ፀጉር ብቻ አስቀጥለሽ መሞከር የሚሻለው ለዚህ ነው። ሰሪዋ «አያስፈልግም» ካለችሽ እኔ ብሆን ሌላ ሰሪ እፈልጋለሁ። እጇን ስትታጠብ፣ ወረንጦዋን በአልኮል ስታጸዳ ካላየሁም እንዲሁ። ይሄ መጠራጠር አይደለም። ዓይን ነው።

አለርጂ ሲሆን በቀዝቃዛ ውሃ የተነከረ ንጹህ ጨርቅ ያዥበት፤ ሽፋሽፍቱን ግን ማስለቀቅ ያስፈልጋል። ምክንያቱ እዚያው ቁጭ ብሎ አይድንም። ከዓይንሽ መግል ከወጣ፣ ብርሃን ካስፈራሽ፣ ካመመሽ ወይም እይታሽ ከደበዘዘ ግን የዕለቱን ዕለት ሐኪም ጋ ነው፤ ነገ አትበይ። ፋርማሲ ገብተሽ «ለቀይ ዓይን የሚሆን ጠብታ» ብለሽ አትግዢ። ከእነዚያ ውስጥ ስቴሮይድ ያለባቸው አሉ፤ ኢንፌክሽን ካለ ያብሱታል፣ ሲቆዩም የዓይን ግፊት ይጨምራሉ።

ማንሳት ስትፈልጊ

በጣትሽ አይደለም። ስትነቅዪው የሚመጣው የራስሽ ነው። በመቀስም አይደለም። አሴቶን፣ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ማለቴ ነው፣ ዓይን አጠገብ አይደርስም። ሳሎን ውስጥ ክሬም ወይም ጄል የሆነ ማስለቀቂያ አለ። ዓይንሽን ጨፍነሽ ይቀቡሻል፣ ማጣበቂያው ይላላል፣ ፀጉሩ በራሱ ይንሸራተታል። ፈሳሽ የሆነው ወደ ዓይን ቶሎ ስለሚገባ ክሬሙን ጠይቂ።

ካነሳሽ በኋላ መስታወት ስታዪ ትደነግጫለሽ። የራስሽ ያጠረና የሳሳ ይመስልሻል። ከፊሉ ዓይንሽ ትልቁን ስለለመደ ነው። በእውነት የተነቀለም ካለ ሥሩ ካልተጎዳ ይመለሳል፤ ለመሙላት ሁለት ሦስት ወር ይፈጃል።

የአክስቴ ልጅ በማግስቱ ሄዳ አስለቀቀች። ሐኪሙ ንጹህ ጨርቅ ለብ ባለ ውሃ ነክራ ቆቧ ላይ በቀን ሁለቴ እንድትይዝ፣ ከዚያም ጠርዙን እንድታጥብ ነገራት። ቅባትም ሰጣት። በሁለተኛው ሳምንት ዓይኗ ጠራ። አሁን ደግሞ ለሚቀጥለው ጥር ቢቸና ሌላ ሠርግ አለብን፤ ቀጠሮ ይዛለች። እናቴ «እንደገና?» አለቻት። «እንደገና፣» አለች፣ «የልጅሽን ሻምፖ ግን ትሰጪኛለሽ።»